ሞተሯ ምን ትላለች?

አሰላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለሙቢና፣ ናይሮቢ

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? እኔ አልሃምዱሊላህ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። ዘንድሮ ዝናቡ አልቆም ብሎ ገብሱ ማሳ ላይ እንደረጠበ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ።

በስልክ የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ደህና መሆንሽን በመስማቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ለባለቤትሽ ለኢርሻድ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትዳራችሁን አላህ ያጽናው።

ስትደውዪ አላነሳም ብለሽ አትቀየሚኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሱቅ ውስጥም ሰው ይበዛብኛል። በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ መጻፍ ደግሞ ጣቴ አይታዘዝልኝም። ግብርና ቢሮ ሳለሁ ዕድሜዬን በወረቀት የኖርኩ ሰው ነኝና በወረቀት ጻፊልኝ። ለሊሳ ለንግድ ናይሮቢ ሲመላለስ ያደርሳል፤ ይሄንንም የሚያመጣልሽ እሱ ነው።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ሞተር ሳይክሌ ነው። ቀይዋ ሞተሬ ከመስከረም ወዲህ ታማለች። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች። ወደ ሳጉሬ ዳገቱን ስትይዝ እያስነጠሰች ትንገጫገጫለች፤ ነዳጅ ብሰጣትም ጉልበት የላትም። ጩኸቷም በዝቷል። እዚህ እንደሻው የሚባል መካኒክ አለ። ካንዴላ ቀየረላት፣ ካርቡራተሯን ፈቶ አጠበ፣ ለውጥ የለም። የከብት መድኃኒት ይዤ ገጠር የምወጣው በእሷ ስለሆነ ያለ እሷ እጅ እግሬ እንደታሰረ ነው። እስቲ ከኢርሻድ ጋር ተማከሩና ምን እንደሆነች ንገሩኝ። እሱ እጁ የተባረከ ነው ስትዪኝ ነበር።

ወሰላም።
አጎትሽ አብዶ


ናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ አብዶ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት። ሱቁም፣ ጎረቤቱም ሰላም ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤዎን ለሊሳ ባመጣልኝ ዕለት አንብቤው ነበር፤ ለመመለስ ግን ይሄው ዘገየሁ። በድምፅ የነገርኩዎትን ሁሉ ሰምተው የጻፉልኝ ይህ ከሆነ እኔም የምጨምረው የለኝም። ስለ ሞተሯ ብቻ ልመልስ።

ካንዴላውን ይፍቱና ጫፉን ይዩልኝ፤ ጥላሸት ይዟል፣ ቡናማ ነው ወይስ ነጥቷል? ሚኒሞ ላይ ስትንቀጠቀጥ ደግሞ አየር የሚቀንሰውን ቾክ ግማሽ ድረስ ይሳቡት፤ ይሻላታል ወይስ ይብስባታል? ወደ ዴራ ቆላው ሲወርዱስ ጠባይዋ ይለወጣል? ከሁሉም በላይ ግን ድምፁን ይንገሩኝ። ጩኸቷ በዝቷል ብለዋል፤ ምን ዓይነት ጩኸት ነው፣ ከየት በኩል ነው? እኔ እዚህ ሞተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ ቁልፍ የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢርሻድን አልጠየቅሁትም። የጻፍኩት ሁሉ የራሴ ነው።

ሙቢና


አሰላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙቢና ልጄ

አሰላሙ ዓለይኪ። እንደምን ሰነበትሽ? እዚህ ብርዱ በርትቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። እኔ ደህና ነኝ፣ አላህ ይመስገን።

በድምፅ ያልሽውን ሁሉ በሚገባ ሰምቻለሁ። ምንም የሚያስቀይም ነገር የለውም፤ ልብሽ አይከፋ።

ያልሽኝን አየሁ። ካንዴላው ነጥቷል፣ አመድ የነካው ይመስላል። ቾኩን ግማሽ ስስበው መንቀጥቀጧ ጋብ ይላል፤ እጄን መሪው ላይ አድርጌ አረጋግጫለሁ። ዴራም ወርጄ ነበር፤ እዚያም ያው ናት። ድምፁ ያው የሞተር ድምፅ ነው። ትጮሃለች።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከመስቀል በኋላ ጎረቤታችንን ወይዘሮ በቀለችን፣ ቅቤ ነጋዴዋን፣ ከሳጉሬ ገበያ አፈናጥጬያት ስመለስ ነጠላዋ የኋላ ጎማው ውስጥ ገባ። እየጎተተ ወስዶ ጣላት፤ ክንዷ ተሰበረ። ጮኻለች አሉ። እኔ አልሰማኋትም፤ ሞተሯ በጣም ትጮህ ስለነበር ነው። ነገሩን ላዩት የሰፈር ሽማግሌዎችም ይህንኑ ተናግሬ ተቀብለውኛል፤ ማሳከሚያዋንም ችያለሁ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በደጄ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ስለዚህ ልጄ፣ ያ ጩኸት ከምን እንደመጣ ፈልጊልኝ። ሰው ሲጠይቀኝ "ይሄ ይሄ ነበር" የምለው ያስፈልገኛል።

ለኢርሻድ ሰላምታዬ ይድረሰው። እስካሁን አንድም ቃል አለመጻፉ ገርሞኛል።

አጎትሽ አብዶ


ናይሮቢ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለ ወይዘሮ በቀለች በጣም አዘንኩ። እግዚአብሔር ይማርሽ ብላለች ይበሉልኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ካንዴላው የነጣ፣ ቾክ ሲሳብ የሚሻላት ከሆነ በሆነ ቦታ ትርፍ አየር እየገባባት ነው። ይሄ ሞተር የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነው እንጂ የሚያስጮህ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሲጮህ እስከማይሰማ ድረስ እንዴት ትጮሃለች? የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተቀዷል? ወይስ እኔ የማላውቀው ሌላ ችግር አላት?

እባክዎን ደግመው ያዳምጡልኝ። ከላይ በቫልቮቹ በኩል እንደ ስፌት መኪና ካች ካች ካች ይላል? ወይስ ከታች ከሆዷ ዱም ዱም? ወይስ ካርቡራተሩ አጠገብ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ? ካስቸገረዎ ስልክዎን አጠገቧ አስቀምጠው ይቅዱና ለእንደሻው ይስጡት፤ እሱ ይላክልኝ።

ስለ ኢርሻድ ደጋግመው መጻፍዎ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ስልኬን ለምን እንደማያነሱም ገብቶኛል። መብትዎ ነው። ግን ከሰላምታ ይልቅ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙቢና


አሰላ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙቢና

አሰላሙ ዓለይኪ። ማን ይሰድብሻል? ምን እንዳልሽ አልገባኝም።

ድምፁ እንደ ስፌት መኪና ነው። ከላይ። ካች ካች ይላል። እንደሻው "ቫልቮቿ ምንም አልሆኑ፣ ደህና ናቸው" የሚል መሰለኝ፤ እኔ ግን ናይሮቢ ያለች መካኒክ ናት ያዘዘችው ብዬ አጥብቅ አልኩት፣ አጠበቀው። አሁን ጭራሽ በእርግጫም አልነሳ ብላለች። አፍሬያለሁ፤ እሱም በእኔ ተናዷል።

ከዚያ በፊት ጓሮዬ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ የቀዳሁት አለ። እንደሻው ዛሬ ይልክልሻል። ስሚውና ፍረጂ።

አብዶ


ናይሮቢ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ብቻዎን ይሁኑ። ለሊሳንም ከእጅዎ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ቅጂው ደርሶኝ ሰማሁት። በመጀመሪያ ስለ ሞተሯ፦ እንደ ስፌት መኪና የሚል ድምፅ የለባትም። እንደሻው ልክ ነበር፤ ያጠበቃቸውን ቫልቮች ወደነበሩበት ይመልሳቸው። ካርቡራተሩ አጠገብ ግን ሽሽታ አለ፣ በግልጽ ይሰማል። ጩኸትም የላትም። ድምጿ እኔ በየቀኑ የምሰማው የማንኛዋም ሞተር ድምፅ ነው።

ቅጂው ላይ ሌላም ነገር አለ። ሞተሯ እየሠራች ሳለ አንዲት ሴት ከራቅ ብላ "አብዶ!" ትላለች። ትንሽ ቆይታ፣ ቀረብ ብላ፣ "አብዶ!" አሁንም ትደግማለች። በመጨረሻ ከጀርባዎ ያለች ያህል ትጣራለች። እርስዎ አልመለሱላትም። ከዚያ ኮቴዋ እየራቀ ይሄዳል። እርስዎም ወደ ስልኩ ቀርበው "በቃ፣ ይበቃል" ይላሉ። መላልሼ ሰማሁት። እርስዎ ሰው ሲጠራዎት ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

አጎቴ፣ ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ። አይሰሙም እንዴ?

ይህ ሐሳብ ከመጣልኝ በኋላ ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ስለ ቀለም ስጠይቅዎ ቀለሙን፣ ስለ መንቀጥቀጥ ስጠይቅዎ መንቀጥቀጡን ነግረውኛል። ስለ ድምፅ የነገሩኝ ግን እኔው የጻፍኩትን ነው። ያኔ የድምፅ መልእክቴንም እንዳልሰሙት ገባኝ። እኔ እኮ ሰምተው፣ ሆነ ብለው ለኢርሻድ ሰላምታ የሚልኩ መስሎኝ ነበር። ልታዋርደኝ ፈልገህ ነው ብዬ ብቻዬን እርስዎን አንተ እያልኩ ተሳድቤያለሁ። ከኢርሻድ ጋር ተማከሩ ያሉበትን ደብዳቤማ ቀድጄ ጥዬ፣ በማግሥቱ ለቅሜ ነው የለጠፍኩት። አውፍ ይበሉኝ።

መልእክቱ ላይ ያልኩት ይህን ነው። ኢርሻድ ፈትቶኛል። ሌላ አግብቶ፣ አብረን ያቋቋምነውን ጋራዥ ይዞ ቀረ። ኒካሓችን ሲታሰር ወሊዬ ሆነው ድረውኝ እጁን የጨበጡት እርስዎ ስለሆኑ ሰው ፊት ያዋረድኩዎት መሰለኝ። አሁን የሌላ ሰው ጋራዥ ጥግ ላይ እሠራለሁ። አንዳንዱ ሴት መሆኔን ሲያይ ሞተሩን ገፍቶ ይመለሳል። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ ቤት የእርስዎ ነው፤ ወደዚያ መምጣት የከለከለኝ ግን መንገዱ አይደለም። አሰላ ወርጄ፣ ሰው "ባልሽስ?" ሲለኝ የምመልሰው ስለሌለኝ ነው።

አሁን ወደ ሞተሯ ልመለስ። ለዚህ ጆሮ አያስፈልግዎትም። ሚኒሞ ላይ ያቁሟት። ግራ መዳፍዎን የቤንዚን ማጠራቀሚያው ሰልባትዮ ላይ ያሳርፉ። በቀኝዎ፣ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ጎማ ላይ ዙሪያውን ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉ፤ ማርሚታው እንዳያቃጥልዎ። የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ውሃው ለአፍታ ይደፍነዋል፤ መንቀጥቀጡም ያን ጊዜ ይለወጣል። መዳፍዎ ያውቀዋል።

የእርስዎው ሙቢና


አሰላ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙቢና ልጄ፣

ዒድሽ የተባረከ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረመዳን እንደገባ ነው። አንብቤው ሱቁን ዘጋሁ።

እውነት ነው፣ አልሰማም። ካቻምና ክረምት ከያዘኝ ትኩሳት ወዲህ መጀመሪያ ግራው ጆሮዬ ሄደ፣ ከዚያ ቀኙ ተከተለው። አሁን ሰው ጆሮዬ ሥር ሲጮህ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ዓይነት ነገር ይሰማኛል፤ ቃሉን ግን አልለየውም። ከንፈር እያየሁ ነው የምኖረው። ሰው ሳይቀድመኝ እኔ ብዙ አወራለሁ፤ ብዙ የሚያወራን ሰው ማንም አይጠይቀውም። መስጊድ የምሰግደው አጠገቤ ያለውን እያየሁ ነው። ሱቅ የመጣውን ገበሬ "የምትፈልገውን መድኃኒት ና ራስህ በጣትህ አሳየኝ" እለዋለሁ፤ ጨዋታ ይመስለዋል። የላም ደረት ላይ ጆሮዬን ለጥፌ "ሳንባዋ ነው" እል የነበርኩ ሰው ነኝ። አልሰማም ማለት አቃተኝ።

መልእክትሽን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አልሰማ ሲለኝ ደግሞ ጥርሴ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። መስታወቱ ላይ መስመሩ ሄዶ ሄዶ አለቀ። እኔም ሰማሁ ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺ ስታለቅሺ እኔ ትዳራችሁን ያጽናው አልኩሽ። ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። ሰደብኩዎት ያልሽው ይገባኛል። በአንቺ የማፍርበት አንድም ነገር የለኝም፤ ይህን ደግመሽ ደጋግመሽ አንብቢው።

የበቀለች ነገር ከዚህም ይከፋል። ሽማግሌዎቹ ፊት ወላሂ ሞተሯ ጮኻ ነው ብዬ ማልኩ። እሷ "ሞተሯ አልጮኸችም፣ እያወቀ ነው የጎተተኝ" አለች። ሰው እኔን አመነና እሷ ውሸታም ሆነች። እንደሻውን ሳስፈታው፣ አንቺን በደብዳቤ ሳደክምሽ፣ ለዚያ መሐላ ምስክር ስፈልግ ነበር። ሞተሯ በእርግጥ ታማለች፤ እኔ ግን በመታመሟ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅጂው ላይ የምትጣራው ሴት ማን እንደሆነች ገመትኩና ቤቷ ሄድኩ። እሷም የሁዳዴ ጾም ላይ ስለሆነች ደጃፏ ተቀምጣ በአንድ እጇ ምስር ትለቅማለች። ክንዷ ገና አልቀናም። አየት አድርጋኝ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች።

"በቀለች፣ ሞተሬን ስቀዳ ጓሮዬ መጥተሽ ነበር?" አልኳት።

አንድ ነገር ተናገረች፤ አቀርቅራ ስለነበር ከንፈሯን አላየሁም።

"ቀና ብለሽ ንገሪኝ፣ አልሰማም።"

"ለእኔ ሲሆን መቼ ሰምተህ ታውቃለህ?" አለች።

"ለማንም አልሰማም። ጆሮዬ ጠፍቷል። ያን ቀንም ስትጮሂ አልሰማሁሽም። ሞተሯ አይደለችም፣ እኔ ነኝ።"

ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ተናዳ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ዞረች።

"አሁን ምን አልኩህ?"

"አላወቅሁም።"

"ስምህን ጠራሁ። ከዚያ ሰደብኩህ። የሰደብኩህን ሰው ፊት አልደግመውም።" እንደገና ተቀመጠች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መከተል ቸገረኝ። "ያኔ የመጣሁት ጾሙ ሳይገባ ልታረቅህ ነበር። ጠርቼ ጠርቼ ጀርባህን ስትሰጠኝ፣ ይሄስ ሰው አይደለም ብዬ ተመለስኩ። አንዲት ቃል መናገር ያቅትሃል፣ አብዶ? አልሰማም ማለት ያቅትሃል? እኔ እኮ በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ተባልኩ!"

 

ዒድ ሳይደርስ ሽማግሌዎቹን ከበቀለች ጋር ራሴ ሰበሰብኳቸው። አልሰማም፣ መሐላዬ ሐሰት ነው፣ እውነቱን የተናገረችው እሷ ናት አልኳቸው። አንዱ ሲስቅ አየሁት። ሌላው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ እንዲያ ሲሆን ከንፈር መከተል አይቻልም፣ መካከላቸው እንደ ግንድ ተቀመጥኩ። በቀለች ናት ተነስታ ፊቴ የቆመችው።

"ለሐሰት መሐላህ ከዒዱ በኋላ ጹም ብለውሃል" አለችኝ ቀስ ብላ። "ውሸታም ያሉኝም ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው።"

"አንቺስ ይቅር ትዪኛለሽ?"

"ክንዴ ሲቀና እናያለን" አለች።

ሞተሯን እንዳልሽኝ አደረግሁ። እንደሻው ቫልቮቹን ከመለሰ በኋላ ተነሳች። መዳፌን ሰልባትዮው ላይ አሳርፌ ውሃውን አንጠባጠብኩ። ከጎማው በታች በኩል ስደርስ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ተፈቶ ሲታይ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። አዲስ ጎማ ገጠመላት፤ አሁን እጅ ላይ እንደ ውሃ ናት። እንደሻው አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ መዳኗን ከፊቱ አወቅሁ። ቁልፉን ልቀበለው እጄን ከዘረጋሁ በኋላ መልሼ ሰበሰብኩት። ለእሱ ሸጥኩለት። ወደ ገጠር በሚኒባስና በጋሪ እወጣለሁ።

ባልሽስ ሲሉሽ የምትመልሺውን አላውቅም። እኔም ጆሮህስ ሲሉኝ የምመልሰውን ገና እየተማርኩ ነው። አንዳንዱ ያዝናል፣ አንዳንዱ ሆነ ብሎ ከጀርባዬ ይጮኻል፣ ሌላው ይስቃል፤ ቢሆንም ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ። ለሥራሽ እዚያው መቅረት ካለብሽ ቅሪ። በኀፍረት ግን አትቅሪብኝ። ቤቱ ያው ቤትሽ ነው።

የምትመጪበትን ቀን በለሊሳ ላኪልኝ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ ከሩቅ አትጥሪኝ። ሰው መሐል ቆሜ ወዲያ ወዲህ ስገላመጥ ብታዪኝም አትጥሪኝ። መጥተሽ ፊት ለፊቴ ቁሚና ያኔ ስሜን በዪ።

አጎትሽ አብዶ